‹‹ክረምት›› ስትሉ የትኛውን ክረምት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጉዞ ዓምዳችሁም ሆነ በጉዞ ወኪሎች ማስታወቂያ ላይ ‹‹በክረምት ሄደው በረዶ ይዩ›› የሚል ምክር ደጋግሞ ይወጣል። ምክሩ ከውጭ ቋንቋ ሲመለስ አንድ ቃል ሳይፈተሽ ያልፋል። ለደሴ ወይም ለወረኢሉ ሰው ክረምት ማለት ሰኔ ላይ ገብቶ መስከረም ሲጠባ የሚወጣው፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ ጭቃና ጉም ያለበት ጊዜ ነው። ቱርክና አውሮፓ ነጭ የሚለብሱት ግን በእኛ በጋ፣ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ነው። ልጆቹ ሐምሌ ላይ ስላረፉ ገንዘቡን ለሐምሌ ያጠራቀመ ቤተሰብ ኢስታንቡል ሲደርስ የሚጠብቀው ከ30 ዲግሪ የማይርቅ ሙቀት ነው። ስለዚህ በረዶ ለማየት ለሚያስብ ሰው የመጀመሪያው ሥራ አገር መምረጥ ሳይሆን ወር መምረጥ ነው፤ ወሩም ጥር ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ‹‹በረዶ›› ከሚለው ቃል ይመጣል። በዚህ አንድ ቃል ሦስት ነገር እንጠራበታለን፤ ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ጠጠር፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውን ውሃ፣ እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ የሚወርደውንና ብዙዎች ስኖው የሚሉትን። ደሴ ላይ ከባድ በረዶ ጥሎ አስፋልቱ ሲነጣ ‹‹ስኖውማ እዚሁ አለልን›› የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ጠጠሩ በረዶ ነጎድጓዳማ ደመና ውስጥ ነፋስ ወደ ላይ እየወረወረው፣ ውሃ በላዩ እየረጋበት፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ ሆኖ የሚሠራ ነው፤ መሬቱ ሞቃት ቢሆንም ይወርዳል። ስኖው ግን በደመናው ውስጥ ካለው እንፋሎት ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ስድስት ክንድ ያለው ስስ ቅንጣት ነው። ሳይቀልጥ መሬት እንዲደርስ ከደመናው እስከ መሬቱ ያለው አየር ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት።

ወሎ ብርድ አላነሰውም። ታኅሣሥ ሌሊት ደላንታና መቄት ላይ ውርጩ ባቄላውን ያቃጥለዋል። ያ ብርድ የሚመጣው ግን ሰማዩ ጥርት ስላለ፣ ቀን የገባው ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ስለሚያመልጥ ነው፤ ደመና የለም፣ የሚወርድም ነገር የለም። ደመናው ሞልቶ በሚውልበት በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ሌሊቱ ያን ያህል አይበርድም። ብርዱና እርጥበቱ በተለያየ ወር እየመጡ ሳይገናኙ ይቀራሉ። በምድር ወገብ አካባቢ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ወደ 4,800 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። አቡነ ዮሴፍ 4,260፣ ራስ ደጀን 4,543 ሜትር ናቸው፤ ሁለቱም ከዚያ በታች ናቸው። ራስ ደጀን ላይ አንዳንድ ሌሊት የሚነጣው ጫፍ ፀሐይ ሲያገኘው የሚቀልጠው ለዚህ ነው። ‹‹ላሊበላ ለገና ስንወጣ አቡነ ዮሴፍ ላይ ስኖው እናያለን›› ብሎ የሚነሳ ሰው የሚያየው የሚያምር ተራራ፣ ጅብራና ውርጭ ነው።

ከዚያ መስመር በላይ የሚወጡት የአፍሪካ ተራሮች ኪሊማንጃሮ (5,895 ሜትር)፣ ኬንያ ተራራ (5,199) እና ርዌንዞሪ (5,109) ናቸው። ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ ስለማትጠይቅ ብዙ ሰው ዓይኑን እዚያ ይጥላል። ነገር ግን እነዚህ በእግር ብዙ ቀን የሚወጡ ተራሮች ናቸው፤ ግግር በረዷቸውም ከዓመት ዓመት እያነሰ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የኖረ ሰው ከባሕር ዳርቻ ከመጣው ይሻላል እንጂ ከከፍታ ሕመም ነፃ አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ያለማድረግ ሕግ ለወሎ ሰውም ይሠራል። ልጅና እናት ይዞ ስኖው ለመንካት ለሚሄድ ቤተሰብ ኪሊማንጃሮን መምከር ተገቢ አይመስለኝም።

ቦታ ለመምረጥ የሚረዳውን ሕግ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው በሰውነቱ ያውቀዋል። ኮምቦልቻ ላይ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ የተሳፈረ የሐረጎን ዳገት ጨርሶ ደሴ ሲገባ ኮቱን ይፈልጋል። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን ወደ 600 ሜትር ይለያያል፤ በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ገደማ ሲቀንስ አራት ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይሆናል። በውጭም እንዲሁ ነው። ከተማው ላይ ዝናብ ሲዘንብ ከከተማው በላይ ያለው ተራራ ላይ ስኖው ይጥላል። የከተማ ስኖው ዕድል ነው፤ ኢስታንቡልም ሆነ ቪየና ጥር ላይ ሳምንት ሙሉ አንዲት ቅንጣት ሳይጥሉ ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ የሚመረጠው ቦታ ሁለት ነገር ያሟላ፤ መሬቱ ከፍ ያለ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ ቅርብ።

በዚህ መለኪያ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ቤተሰብ ከሁሉ የሚሻለው በቱርክ ካይሴሪ ከተማ ያለው የኤርጂየስ ተራራ ነው ብዬ አምናለሁ። አዲስ አበባና ኢስታንቡል በቀጥታ በረራ ይገናኛሉ፤ ከኢስታንቡል ካይሴሪ የአገር ውስጥ በረራው አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ካይሴሪ ከተማ 1,050 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ተራራው 3,917 ሜትር ነው፣ በስኖው ላይ የሚንሸራተቱበት የስኪ መስመር መነሻ፣ ተኪር የሚባለው ቦታ ደግሞ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከከተማው እስከ ተኪር 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከኮምቦልቻ ደሴ እንደ መውጣት ማለት ነው። የከፍታው ልዩነት ከሐረጎ እጥፍ ሊደርስ ትንሽ ቢቀረው ነው፤ ሰባት ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ካይሴሪ አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ ቢገኝ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ወደ ላይ መውጣት ነው።

እዚያ የሚያጋጥመው ችግር ነፋስ ነው። ኤርጂየስ ብቻውን የቆመ የእሳተ ገሞራ ተራራ ስለሆነ ነፋሱን የሚከልልለት የለም። ነፋስ ሲበረታ ወደ ላይ የሚወስዱት የገመድ መኪናዎች ይቆማሉ። ጭጋግም ሲወርድ ነጩ መሬትና ነጩ ሰማይ አንድ ሆነው ሰው እግሩ የረገጠበትን መለየት ያቅተዋል። አንድ ቀን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ያቺ ቀን ከተበላሸችበት አለቀለት። ቢያንስ ሦስት ሌሊት ይያዝ። የቱርክ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነ ሰዓት ማዞር የለም፤ ግን ጥር ላይ ፀሐይዋ የምትወጣው ጠዋት 2፡00 ገደማ፣ የምትጠልቀው 11፡30 ገደማ ነው። ጠዋት 12፡00 ተነስቶ ጨለማውን ሲያይ ሰዓቱ የተበላሸ እንዳይመስለው። ሌሊት ስኖው ጥሎ ካደረ፣ ሰው ሳይረግጠው ቀድሞ መድረስ ነው፤ እንዲያ ያለው ጠዋት ስኖው ዓይን ብቻ ሳይሆን ጆሮም ይይዛል፤ አዲሱ ስኖው ድምፅ ስለሚውጥ አካባቢው ፀጥ ይላል፤ የሚሰማው ከጫማ ሥር የሚንቋቋው ድምፅ ብቻ ነው።

ኢስታንቡል መቆየት የሚፈልግ በቡርሳ በኩል የኡሉዳግ ተራራ አለለት። ከቡርሳ ከተማ የሚነሳው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቴሌፌሪክ (የገመድ መኪና) 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ወዳሉት ሆቴሎች ያወጣል። ነፋስ ቴሌፌሪኩን ሲያቆመው በመኪና ይወጣል፤ መኪናው የጎማ ሰንሰለት ወይም የስኖው ጎማ ያለው መሆኑን ሳያዩ አይሳፈሩ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልበል። ቪየና፣ ጄኔቫ፣ ስቶክሆልም ዘመድ ላለው ጥሩ ናቸው፤ ግን ለብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው የሸንገን ቪዛ ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የመመርመሪያውን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሞታል፤ ክፍያው ለአዋቂ 90፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው፣ ቢከለከሉም አይመለስም። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ስለሆነ ለጥር የሚያስብ ሰው መስከረም ላይ ቀጠሮ ይያዝ። ስቶክሆልም ታኅሣሥ ላይ የቀን ብርሃን ያላት ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ መሆኑንም ይወቅ።

ዕቃ ለማምጣት ቻይና የሚመላለሱ የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴዎች ‹‹እግረ መንገዴን ስኖው አያለሁ›› ካሉ ጓንጁ አይደለም፤ ሞቃት ነው። ቤጂንግ ብርዷ ኃይለኛ ቢሆንም እንደ ደላንታ ደረቅ ስለሆነ ስኖው ብዙ አይጥልባትም። የሚሄዱት ከቤጂንግ በፈጣን ባቡር አምስት ሰዓት ገደማ ወደሚወስደው ሀርቢን ነው። እዚያ ጥር ላይ ከዜሮ በታች 20ና ከዚያም በላይ ስለሚወርድ የጣለው አይቀልጥም፤ ከወንዝ በረዶ የሚሠሩት ሕንፃም ድንቅ ነው። ልጆቹ ‹‹የስኖው ሰው እንሥራ›› ካሉ ግን ሀርቢን አይመችም። ስኖው እንደ ጭቃ ተጨብጦ የሚያያዘው ቅንጣቶቹ በትንሹ ሲረጥቡ፣ አየሩ ዜሮ አጠገብ ሲሆን ነው፤ በከባድ ብርድ እንደ ደረቅ ዱቄት ከእጅ ይበተናል።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ካልሆነ መውጣት ለማይችል ሁለት አማራጭ ይቀራል። አንዱ ዱባይ ነው። እዚያ በ1998 ዓ.ም. የተከፈተ፣ በገበያ ማዕከል ውስጥ ያለ የስኪ አዳራሽ ዓመቱን ሙሉ ከዜሮ በታች ይቀዘቅዛል። ስኖውው በማሽን የተሠራ እውነተኛ ስኖው ነው፤ ካፖርትና ቦት እዚያው ያከራያሉ፤ ጓንትና ኮፍያ ግን ይዞ መሄድ ይሻላል። ከሰማይ ሲወርድ ማየት ለሚፈልግ አይበቃውም፤ ለሕፃናት ግን ይበቃል። ሌላው ሌሶቶ ነው። ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ብርዷ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ አፍሪስኪ የሚባል መንሸራተቻ አላት። እዚያ ያለው ስኖው በአብዛኛው ማሽን የሚያግዘው ስለሆነ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው ጋራ ቡናማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በጆሃንስበርግ በኩል ስለሚኬድ የደቡብ አፍሪካ ቪዛ ደጋግሞ የሚያስገባ መሆን አለበት፤ አንዴ ብቻ የሚያስገባ ይዞ የወጣ ሰው መመለሻ ላይ ይቸገራል።

ወደ ልብሱ ስመጣ፣ በዚህ ረገድ የወሎ ደጋ ሰው ብዙ መማር አያስፈልገውም፤ የሚያውቀውን ማስታወስ ነው። ጋቢ ለደሴ ደረቅ ብርድ ወደር የለውም፤ ጥጥ ስለሆነ ግን ስኖው በላዩ ቀልጦ ሲረጥብ ሙቀቱን ይለቃል፣ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። ጂንስ ሱሪና የጥጥ ካልሲም እንደዚያው ናቸው። የበግ ፀጉር ግን ረጥቦም ያሞቃል፤ የደጋ እረኛ ባና ለብሶ ዝናብ የሚችለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከሥጋ ጋር የሚነካው ሱፍ ወይም ላብ የማይዝ ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ከላዩ ወፍራም የሱፍ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ጃኬት። ሦስቱ ተደራርበው የሚያሞቁት በመካከላቸው በሚይዙት አየር ነው፤ አጥብቆ የሚይዝ ልብስ አየሩን ስለሚያስወጣው ብዛቱ አይጠቅምም።

የላይኛው ጃኬት ሰልባጅ ተራ በጥሩ ዋጋ ይገኛል፤ ከብርድ አገር የሚመጣ ስለሆነ ብዙው ለዚሁ የተሠራ ነው። ሲገዛ ሦስት ነገር ይታይ። ትከሻው ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ያድርጉበት፤ ተድቦልቡሎ ከተንከባለለ ጥሩ ነው፣ ከጠጣው ይተው። ውስጡን ገልብጠው የስፌቱን መስመር ይዩ፤ ስፌቱን የሸፈነው ላስቲክ እየተላቀቀ ከሆነ ውሃ ያስገባል። ሙሌቱን በሁለት ጣት ይዳስሱ፤ ተጠቅልሎ ወደ ታች ወርዶ ከሆነ ትከሻ ላይ የሚያሞቅ ነገር የለውም።

ቦት ጫማ ግን ሰልባጅ እንዳይሆን አጥብቄ እመክራለሁ። ብዙዎቹ የስኖው ቦቶች በሶላቸው መሐል ለስላሳ የፎም ንጣፍ አላቸው። ይህ ንጣፍ ሳይለበስ ዓመታት ሲቀመጥ በአየሩ እርጥበት ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ጫማው ከላይ አዲስ ይመስላል፣ ሁለት ቀን ሲሄዱበት ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። የግድ ሰልባጅ ከሆነ ሶሉን አጥፈው ይዩት፤ የፎሙን ጎን በጥፍር ይጫኑት፤ ከተሰነጠቀ ወይም ዱቄት ካወጣ ይመልሱት። ቁጥሩ ከመደበኛው ግማሽ ከፍ ይበል፤ ወፍራም ካልሲ ገብቶ ጣቶች መንቀሳቀስ አለባቸው፤ ጣት ካልተንቀሳቀሰ ደም አይዞርም፣ እግር መጀመሪያ የሚቀዘቅዘው እንዲህ ነው። ውሃ የማይገባው ሱሪ ግን አይግዙ፤ ኤርጂየስም ሆነ ኡሉዳግ በቀን ይከራያል። ልጆች የሚንሸራተቱበትም ሸርተቴ ይከራያል፤ ቱርኮች ክዛክ ይሉታል።

መነጽር የጌጥ ነገር አይደለም። አዲስ ስኖው የፀሐይን ጎጂ ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ወደ ፊታችን ይልከዋል፤ ያለ መነጽር የዋለ ሰው ማታ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁረዋል። ፊትና ከንፈር እንዳይደርቅ ቫዝሊን ይቀቡ። ስልክ በውስጥ ኪስ፣ ከሰውነት ጋር ይቀመጥ፤ ባትሪው በብርድ ሲዳከም 40 በመቶ እያለው ይጠፋል። ከብርዱ ሞቃት ክፍል ሲገቡ ስልኩና ካሜራው ላይ ጤዛ ስለሚያዝ በላስቲክ አስረው እስኪሞቅ ያቆዩት።

አረማመዱ ጭቃ ላይ እንደሚረገጠው ነው፤ አጭር እርምጃ፣ ክብደት ወደ ፊት እግር፣ እጅ ከኪስ ውጭ። አደገኛው ነጩ አይደለም፤ ቀን ቀልጦ ማታ የረጋው፣ አስፋልት መስሎ የሚያንጸባርቀው ስስ በረዶ ነው። የሕፃናትን ጣት፣ ጆሮና አፍንጫ በየግማሽ ሰዓቱ ይዩ። ቆዳው ገርጥቶ ከደነዘዘ ወደ ሞቀ ክፍል አስገብተው በብብት ወይም ለብ ባለ ውሃ ያሙቁት። ማሸትም እሳት አጠገብ ማስጠጋትም ክልክል ነው፤ የደነዘዘ ቆዳ መቃጠሉን አያውቅምና።

ቅደም ተከተሉ ወር፣ ቦታ፣ ቪዛ፣ ከዚያ ትኬት ይሁን። ቪዛ ሳይወጣ የማይመለስ ትኬት የገዛ ሰው ገንዘቡን አደጋ ላይ ጣለው፤ ለማመልከቻ የሚሆን ቦታ የተያዘበት ማረጋገጫ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቱርክ ለተራ ፓስፖርት ቪዛ ትጠይቃለች፤ ቢያንስ ሁለት ወር ቀድሞ መጀመር ነው። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ስድስት ወር የሚቆይ ይሁን። ባንክ ለመንገደኛ ምንዛሪ ሲሸጥ ቪዛና ትኬት ስለሚያይ እሱ ከትኬቱ በኋላ ይመጣል። ከወሎ የሚነሳ ሰው ከኮምቦልቻ ወይም ከላሊበላ ቢበርም፣ በመኪና ቢሄድም፣ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት ቀድሞ ይግባ፤ ጣርማ በር ላይ ጉም የያዘው መኪና ቦሌ ያለውን አውሮፕላን አያስጠብቅም።

ቀኑ ሲመረጥ ጾሙም ይታሰብ። ጥምቀት ጥር 11 ካለፈ በኋላ ያለው ጊዜ ለሁሉም ይመቻል። ሁዳዴ ብዙውን ጊዜ የካቲት ላይ ይገባል፤ ረመዳንም በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን እየቀደመ በእነዚህ ዓመታት እዚያው አካባቢ ይውላል። ሁለቱም በሚጾሙበት ቤት፣ ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ብዙ ነው፣ በጥምቀትና በጾሙ መካከል ያሉትን ቀናት መያዝ ነው። የትምህርት አጋማሽ ዕረፍቱም ከዚያው ሰሞን ስለሚገጥም ትምህርት ቤቱን ቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። ስለ ስኖው ጉዞ ስታወጡ ወሩን በእኛ አቆጣጠር ጻፉ፤ ‹‹ክረምት›› በሚለው ፋንታ ‹‹ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት›› በሉ። ከከተማው ስም ጎን የተራራውን ከፍታ በሜትር አስቀምጡ። የምታወጡት ፎቶ በየትኛው ወር የተነሳ እንደሆነም ከሥሩ ይጻፍ።

አንባቢያችሁ፤ ከደሴ